በስልክና በካርድ የሚገባ ዕዳ፦ አደጋውና የሕግ ከለላው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ይህ ጽሑፍ በመግሪብና በዒሻ መካከል ለጀመዓው የቀረበ ንግግር ሲሆን፣ የመስጊዱ ኮሚቴ በመታሰቢያ መጽሔቱ እንዲወጣ በጠየቀው መሠረት ለንባብ ቀርቧል። ርእሱ ዕዳ ነው። «ስለ ዕዳ ምን አዲስ ነገር ይነገራል? አባቶቻችንም ሲበደሩና ሲያበድሩ ኖረዋል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ዕዳ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ዕዳው የሚገባበት በር ነው። ቀድሞ ዕዳ በሱቅ በር ይገባ ነበር፤ ዛሬ ግን በኪሳችን ባለው ስልክ በኩል፣ ቤተሰብ ሳያይና ጎረቤት ሳይሰማ፣ በሌሊትም ጭምር ይገባል። ስለሆነም ይህ በር እንዴት እንደሚከፈት፣ ምን አደጋ እንዳለውና የአገራችን ሕግ ምን ከለላ እንዳበጀልን ማወቅ ለእያንዳንዱ ቤት ያስፈልገዋል።

የቀድሞው ዱቤና የዛሬው ዱቤ

በሰንዳፋ የኖርን ሁላችን የዱቤ ደብተርን እናውቃለን። ባለሱቁ ከባንኮኒው ሥር በሚያኖራት ደብተር ላይ የስኳሩን፣ የዘይቱንና የሳሙናውን ዋጋ ይጽፋል። ወተት የሚያስረክበው ገበሬም ሂሳቡን በደብተር ያስመዘግባል። በዚያ ዱቤ ውስጥ ሁለት ጠባቂዎች ነበሩ። አንደኛው ጽሑፍ ነው፤ ዕዳው ስንት እንደደረሰ ሁለቱም ወገን ያያሉ። ሁለተኛው ሰው ነው፤ ባለሱቁ ያውቀናል፣ ቤታችንንም ያውቃል። ዕዳው ሲከማች «ወንድሜ፣ የባለፈውን ሳትከፍል ሌላ ባትጨምር ይሻላል» ይለናል። ፊት ለፊት ስለምንተያይ እናፍራለን፤ ያ ሐፍረት ከብዙ ጥፋት ይጠብቀን ነበር።

አሁን ሁኔታው ተለውጧል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር በመሆን «መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድር፣ ሂሳብ ሲያንስ የጎደለውን የሚሞላውን «እንደኪሴ»ን እና «ሰንዱቅ» የተባለውን ቁጠባ አቀረበ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ምቹ» በተባለው አገልግሎቱ፣ ዳሽን ባንክም ዕቃ ዛሬ ወስዶ በኋላ መክፈል በሚያስችለው «ዱቤ አለ» ወደዚህ መስክ ገብተዋል። ሌሎችም ባንኮች የየራሳቸውን ይዘው ወጥተዋል።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ጥቅሙን አንካድ። የባንክ ብድር ለረጅም ዘመን ቤት ወይም መኪና ለሚያስይዝ ሰው ብቻ ነበር። ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ባንክ ገብታ «አበድሩኝ» ብትል የሚሰማት አልነበረም። ዛሬ ያለ መያዣ በጥቂት ደቂቃ የምታገኝበት መንገድ ተከፍቷል። ነገር ግን ከዱቤ ደብተሩ ጋር የነበሩት ሁለቱ ጠባቂዎች አብረው አልመጡም። ጽሑፉ በስልኩ መስታወት ላይ በደቃቅ ፊደል ያልፋል፤ ብዙዎቻችን ሳናነብ «እስማማለሁ» የሚለውን እንነካለን። «ይበቃሃል» የሚል ሰውም በዚያ የለም። እንዲያውም ማሽኑ በጊዜ ለከፈለ ሰው «አሁን ከፍ ያለ ገንዘብ ተፈቅዶልዎታል» ብሎ ሌላ ይጨምርለታል።

ካርዱ ከየት መጣ? ምንስ ያስተምረናል?

በአገራችን በአብዛኞቻችን እጅ ያለው የባንክ ካርድ ዴቢት ካርድ የሚባለው ነው። ይህ ካርድ የሚያወጣው ያስቀመጥነውን የራሳችንን ገንዘብ ነው። ክሬዲት ካርድ ግን ሌላ ነው፤ በእርሱ ስንገዛ የምንከፍለው ባንኩ ያበደረንን ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ልጆቻችንና ወንድሞቻችን በየቀኑ የሚገጥማቸው ይኸኛው ነው። በስልክ የሚገኘው ብድራችንም በባሕርዩ የካርዱ ታናሽ ወንድም ስለሆነ የካርዱን ታሪክ ማወቅ ይጠቅመናል።

ዳይነርስ ክለብ የተባለው ካርድ በኒውዮርክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬዝኖ በተባለች የካሊፎርኒያ ከተማ ለ60 ሺህ ያህል ነዋሪዎች ሳይጠይቁ ካርድ በፖስታ ላከላቸው። ብዙ ሰው ከገቢው በላይ ገዛ፤ ብዙ ካርድም በሌቦች እጅ ገባ። ሕጉ የደረሰው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 አበዳሪ የወለዱን መጠን በግልጽ እንዲናገር የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1970 ያልተጠየቀ ካርድ መላክ ተከለከለ፤ ካርዱ ለተሰረቀበት ሰውም ኃላፊነቱ ከ50 ዶላር እንዳያልፍ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ ደግሞ ባንኩ በየወሩ በሚልከው ሂሳብ ላይ «ትንሹን ክፍያ ብቻ እየከፈልህ ብትቀጥል ዕዳህ የሚያልቀው በዚህን ያህል ጊዜ ነው» ብሎ እንዲጽፍ አስገደደ።

ይህ የመጨረሻው ለምን እንዳስፈለገ በቀላል ስሌት እንየው። ለምሳሌ አንድ ሰው በዓመት በመቶ 24 ወለድ በሚታሰብበት ካርድ የ1,000 ዶላር ዕዳ አለበት እንበል። የወሩ ወለድ 20 ዶላር ነው። በዚያ ወር 25 ዶላር ቢከፍል 20ው ለወለድ ይሄዳል፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 5 ዶላር ብቻ ነው። ሰውየው «ከፍያለሁ» ብሎ ይተኛል፤ ዕዳው ግን አልተኛም።

ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያም እንመልከት። በዚያ በስልክ ማበደር በሰፊው የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ነው። ከዚያም ፈቃድ የሌላቸው አበዳሪዎች በዙ። አንዳንዶቹ ተበዳሪው ሲዘገይ ከስልኩ የወሰዱትን የዘመዶቹንና የአለቆቹን ቁጥር እየደወሉ «ይህ ሰው ዕዳ አለበት» በማለት ያዋርዱት ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሕግ አውጥቶ እነዚህን አበዳሪዎች ከማዕከላዊ ባንኩ ፈቃድ እንዲያወጡ አደረገ፤ በተከታዩ ዓመት የወጣው ደንብም በዚህ መንገድ ማስፈራራትንና ማዋረድን ከለከለ። የሁለቱም አገሮች ታሪክ ትምህርቱ አንድ ነው፤ ገንዘቡ ፈጥኖ ይመጣል፣ ጥበቃው ዘግይቶ ይከተላል። በመካከል ያለው ዘመን ላይ የሚኖር ሰው ራሱን መጠበቅ አለበት፤ እኛም ያለነው በዚህ ዘመን ላይ ነው።

ስሙ ሲለወጥ ነገሩ አይለወጥም

ሪባ ሐራም መሆኑን ሁላችሁም ስለምታውቁ እዚህ ላይ አላስረዝምም። ጥያቄው የሚነሳው ክፍያው «ወለድ» ሳይባል «የአገልግሎት ክፍያ» ሲባል ነው። ይህን ለመመርመር ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። የተበደርኩት ገንዘብ ሲበዛ ክፍያው ይጨምራልን? ጊዜው ሲረዝም ወይም ስዘገይ ክፍያው ያድጋልን? መልሱ «አዎን» ከሆነ፣ የተለወጠው ስሙ እንጂ ነገሩ አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 በሪያድ ባደረገው 12ኛ ጉባኤ በቁጥር 108 ውሳኔ ሰጥቷል። ሐሳቡ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ተጠቃሚው በቅድሚያ ባስቀመጠው ገንዘብ ላይ ያልተመሠረተ ካርድ፣ በውሉ ውስጥ ሲዘገይ ወለድ ይከፍላል የሚል ግዴታ ካለበት አይፈቀድም፤ ሰውየው «በጊዜው እከፍላለሁ፣ ወለዱ አይደርስብኝም» ብሎ ቢያስብም እንኳ። እንዲህ ያለ ግዴታ የሌለበት ከሆነ ግን ይፈቀዳል፤ ካርዱን ለማውጣትና ለማደስ ለተሰጠ አገልግሎት የተቆረጠ ክፍያ መቀበልም አይከለከልም። በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችሁ ስለ ካርዳቸው ሲጠይቁአችሁ ይህን ንገሩአቸው፤ በሚኖሩበት አገር ያሉትን ዑለማዎችም እንዲጠይቁ ምከሩአቸው።

ለዚህ በአገራችን አማራጭ አለ። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነ ባንክ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ በዚህም መሠረት ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ ሂጅራ ባንክም ተከተለው። በሙራባሓ ውል ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ፣ በተወሰነ ዋጋ በየጊዜው በሚከፈል ክፍያ ይሸጥልናል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ አያድግም። ይሁን እንጂ ሐላል ዕዳም ዕዳ ነው። አቅሙን ያላገናዘበ ሰው በሙራባሓም ሊቸገር ይችላልና መዝናናት አያስፈልግም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ለምን ይህን እንደሚያበዙ ሲጠየቁም ዕዳ ያለበት ሰው ሲናገር ወደ ውሸት፣ ቃል ሲገባም ወደ ማፍረስ እንደሚደርስ አስረድተዋል። ልብ በሉ፤ የዕዳ የመጀመሪያ ጉዳት በኪስ ላይ ሳይሆን በምላስ ላይ ነው። ዕዳ የገባ ወጣት ስልኩን ያጠፋል፣ ለሚስቱ ይዋሻል፣ ከወንድሙ ይደበቃል። መስጊድም የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ አበዳሪው ወይም ዋሱ በዚያ አለና።

የአገራችን ሕግ ምን ይላል?

ብዙ ሰው «ሕግ የባለሀብት ነው» ብሎ መብቱን ሳይጠይቅ ይቀራል። እንደዚያ አይደለም። ሕጉ የሚጠብቀው ማስረጃ የያዘውንና የጠየቀውን ሰው ነው። ዋና ዋናዎቹን እነሆ።

አንደኛ፤ ስለ ጽሑፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ እንደሆነ በአንቀጽ 2472 ይደነግጋል። ቁርአናችንም በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 282 ዕዳን እንድንጽፍና ምስክር እንድናቆም አዞናል። «ወንድሜን እንዴት ጻፍልኝ እለዋለሁ?» የሚል ሰው እንግዲህ ከሃይማኖቱም ከሕጉም ውጭ ነው። መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ወንድማማችነትን ከሞትና ከመርሳት ማዳን ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ወለድ ጣሪያ። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 2479 በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይከለክላል። ባንኮች ግን የሚተዳደሩት በብሔራዊ ባንክ ደንብ ስለሆነ ይህን ጣሪያ በእነርሱ ላይ መጥቀስ አይቻልም። የእኛ ሃይማኖት አንድ በመቶም አይፈቅድም። ነገር ግን በመንደራችን በወር በመቶ አሥር የሚያስከፍል አራጣ አበዳሪ በሃይማኖት ብቻ ሳይሆን በሕግም ጥፋተኛ መሆኑን እወቁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 712 የሰውን ችግር ወይም አለማወቅ መጠቀሚያ አድርጎ ከሕጋዊው በላይ ወለድ የሚያስከፍልን ሰው በእስራትና በመቀጮ ይቀጣል።

ሦስተኛ፤ ስለ ፋይናንስ ተቋማት። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል። በዚህ መሠረት ባንክም ሆነ አነስተኛ ብድር ሰጪ ተቋም የውሉን ፍሬ ነገር፣ ማለትም ክፍያውን፣ ወለዱንና ቅጣቱን፣ ከመስማማታችሁ በፊት በግልጽ ሊነግራችሁ ይገባል። ምስጢራችሁንም መጠበቅ አለበት። ቅሬታ የሚቀበል ክፍልም ሊኖረው ግድ ነው። በተቋሙ ምላሽ ያልረካ ሰው ጉዳዩን ወደ ብሔራዊ ባንክ መውሰድ ይችላል። ቅሬታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፣ ቀኑን መዝግቡ፣ ቅጂውን ያዙ። በቃል የቀረበን ቅሬታ በኋላ ማስረዳት ያስቸግራልና።

አራተኛ፤ በዱቤ ስለተገዛ ዕቃ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛትና ጉዳት ሲደርስበት ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው አውጇል። ፍሪጅ ወይም ስልክ በዱቤ ወስዳችሁ የተበላሸ ሆኖ ብታገኙት ሳትዘገዩ ለሻጩ አመልክቱ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ከሱቅ አትውጡ። ክፍያ ማቆም ግን መፍትሔ አይደለም፤ ዕቃውን የሸጠው አንድ፣ ገንዘቡን ያበደረው ሌላ ሊሆን ስለሚችል ከሻጩ ጋር ስትከራከሩ ዕዳው በባንኩ ዘንድ ይጨምራል።

አምስተኛ፤ ስለ ስልክ ምስጢር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የግል መረጃችን ያለ ሕጋዊ ምክንያት እንዳይሰበሰብና ለሌላ እንዳይተላለፍ ይከለክላል። በኬንያ እንደሆነው ሁሉ የዘመዶቻችሁን ስልክ ቁጥር ለመውሰድ የሚጠይቅ፣ ከታወቀ ባንክ ያልሆነ የብድር መተግበሪያ በስልካችሁ አትጫኑ። አበዳሪው ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያለው መሆኑን ሳታረጋግጡ መታወቂያችሁን አንሥታችሁ አትላኩ።

ስለ ዋስትናና ስለ ባዶ ቼክ

በእኛ አካባቢ ከራሱ ዕዳ ይልቅ በሰው ዕዳ የሚጎዳው ሰው ብዙ ነው። ዋስ መሆን በጎ ሥራ ነው። ዕዳ ኖሮበት በሞተ ሰው ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመስገድ በተቆጠቡ ጊዜ ዕዳውን «በኔ ይሁን» ብለው የተረከቡት ባልደረባ አቡ ቀታዳ ነበሩ። ነገር ግን እርሳቸው ዕዳው ስንት እንደሆነ አውቀው ነው የተረከቡት። ሕጋችንም የሚለው ይህንኑ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋስ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ ባዶ ቦታ ያለበት የዋስትና ወረቀት ከቀረበላችሁ ቁጥሩ ሳይሞላ አትፈርሙ።

ሌላም ነጥብ አለ። ተራ ዋስ የሆነ ሰው አበዳሪው አስቀድሞ ባለዕዳውን እንዲጠይቅ ሊከራከር ይችላል። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ያለበትን ዋስትና የፈረመ ግን ይህ መብት የለውም፤ አበዳሪው በቀጥታ ወደ እርሱ ሊመጣ ይችላል። ይህች አጭር ሐረግ ስንት ቤት አናውጣለች! ከመፈረማችሁ በፊት ፈልጓት። ዋስ ሆኖ የከፈለ ሰውም ያወጣውን ከባለዕዳው የማስመለስ መብት ስላለው የከፈለበትን ደረሰኝ ሁሉ ይያዝ።

ቼክንም በሚመለከት ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። አንዳንድ አበዳሪዎች ቀንና ቁጥር ያልተሞላበት ቼክ እንደ መያዣ ይቀበላሉ። በባንክ በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ፈርሞ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስቀጣ ነው። በዚህም የገንዘብ ክርክር የነበረው ጉዳይ በአንድ ጀንበር የወንጀል ክስ ይሆናል። ባዶ ቼክ ፈርሞ መስጠት የቤትን ቁልፍ ከነሴቶቹ ወርቅ አስረክቦ እንደ መውጣት ነው።

«በሂሳቤ ምንም የለም» የሚል ሰውም ይሰረቃል

ብዙዎቻችን «እኔን ማን ይሰርቀኛል፣ ባዶ ሂሳብ ነው» እንላለን። ይህ በዱሮ ዘመን ይሠራ ነበር። ዛሬ ስልኩ ማበደር ስለሚችል የምስጢር ቁጥራችሁን ያገኘ ሌባ ያላችሁን ብቻ ሳይሆን የሌላችሁንም ሊወስድ ይችላል፤ በስማችሁ ተበድሮ ገንዘቡን ወደ ራሱ ያዛውራል፣ ዕዳው ግን በእናንተ ይቀራል።

የሌቦቹ መንገድ የታወቀ ነው። «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው፣ የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላሉ። ወይም «ሽልማት ደርሶዎታል» ይላሉ። ወይም «በስህተት ብር ልኬልዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» የሚል የሐሰት መልእክት ይልካሉ። የትኛውም እውነተኛ ባንክ የምስጢር ቁጥራችሁን በስልክ አይጠይቅም። ይህን ለአሮጊት እናቶቻችሁ ደጋግማችሁ ንገሩ። የምስጢር ቁጥራቸውን ለማያውቁት ወጣት ሰጥተው «አስገባልኝ» የሚሉ እናቶች አሉና፣ ልጆች በዚህ ራሳችሁ አግዙአቸው።

ስልኩ ወይም ካርዱ ከጠፋ አንድ ሰዓት እንኳ አትዘግዩ። ለቴሌብር በ127፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ951 ደውላችሁ አዘጉ፤ ሌላ ባንክ ከሆነ የባንኩን ቁጥር ከካርዱ ውጭ በደብተር ጽፋችሁ ቤት አኑሩ። ከዚያም ለፖሊስ አመልክቱ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለልን በከባድ ይቀጣል። የደወላችሁበትን ሰዓትና ያነጋገራችሁን ሠራተኛ ስም መዝግቡ፤ ከዚያች ሰዓት በኋላ ለደረሰ ጉዳት የምትከራከሩበት ማስረጃ እርሷ ናት።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከላይ የተባለው ሁሉ ተጠቃሎ ሲታይ ከዱቤ ደብተሩ ጋር የጠፉትን ሁለቱን ጠባቂዎች መመለስ ይገባናል፤ ጽሑፍንና ሰውን።

ጽሑፉን ለመመለስ በየቤቱ አንድ ደብተር ይኑር። በስልክ የተወሰደ ብድር ሁሉ፣ ቀኑ፣ መጠኑ፣ ክፍያውና የመመለሻ ቀኑ ይጻፍበት። ከዚያም ስሌቱን ሥሩ። ለምሳሌ 1,000 ብር ለአንድ ወር ተበድሮ 60 ብር ክፍያ የሚከፍል ሰው «60 ብር ምን አላት» ይላል። በየወሩ እየደጋገመ ዓመት ከቆየ ግን 720 ብር ከፍሏል፤ ዋናው 1,000 ብርም እንዳለ ነው። በወር ሲታይ በመቶ 6 የነበረው በዓመት በመቶ 72 ሆነ ማለት ነው። ይህን በወረቀት ላይ ያየ ሰው እጁ ወደ ስልኩ ከመሄዱ በፊት ያስባል። አንዱን ብድር በሌላ ብድር መክፈል ከጀመራችሁ ደግሞ ቁሙ፤ ይህ የገደሉ አፋፍ ነው።

ሰውን ለመመለስ ባልና ሚስት ዕዳን አይደባበቁ። ለቤት ጥቅም የተገባ ዕዳ ከጋራ ንብረት ሊከፈል ስለሚችል የአንዱ ምስጢር የሁለቱም ጉዳት ነው። ወላጆችም ልጃችሁ «ዕዳ አለብኝ» ብሎ ሲነግራችሁ በመጀመሪያው ቀን አትጩሁበት። የጮኻችሁበት ልጅ ሁለተኛ አይነግራችሁም፤ የሚቀጥለውን የምትሰሙት ከአበዳሪው ነው። ዕዳ ያለበትም ሰው መክፈያው ቀን ሳያልፍ ወደ አበዳሪው ሄዶ «አልቻልኩም፣ ጊዜ ስጡኝ» ይበል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ከሚቀርብ መቶ ምክንያት ቀድሞ የቀረበ አንድ ቃል ይሻላል። ቅጣቱ ሳይደረብበት በስምምነት መክፈል የሚቻለውም ያን ጊዜ ነው።

በእኛ በኩል የተጣለብን ግዴታ ደግሞ ቀላል አይደለም። ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 280 ለተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ ጊዜ እንድንሰጠው፣ ብንተውለትም ለእኛ የተሻለ እንደሆነ ያስተምረናል። መክፈል እየቻለ የሚያጓትት ሰው ግን በደለኛ ነው፤ ሁለቱን መለየት ይገባል። ሰውን ከአራጣና ከስልክ ብድር የምናርቀው በተግሣጽ ብቻ አይደለም። «አትበደር» ያልነው ሰው ልጁ ታሞበት ሌሊት በሩን ሲያንኳኳ የምንሰጠው ከሌለን ምክራችን ባዶ ነው። ስለዚህ ለኮሚቴያችንም ለጀመዓውም የማቀርበው ሐሳብ አለ። በየወሩ ከየአቅማችን የምናዋጣበት፣ ያለ ምንም ጭማሪ የሚበደሩበትና በጽሑፍና በሁለት ምስክር የሚመለስ የቀርድ ሐሰን ሣጥን እናቋቁም። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ለመድኃኒት፣ ለትምህርት ቤት ክፍያና ለጉልት መነሻ ይበቃል። ሂሳቡም በየሦስት ወሩ ለጀመዓው ይነበብ፤ የተበዳሪዎች ስም ግን ከሦስት ሰው በላይ አይወቀው። እድርን ያቆመ ሕዝብ ይህን ማቆም አያቅተውም። ለቀብር የሚሰበሰብ ጀመዓ በሕይወት ላለ ወንድሙም መሰብሰብ ይችላል።

ሕግ የሚያውቁ የጀመዓችን አባላት፣ በባንክ የምትሠሩም ወንድሞችና እህቶች፣ በወር አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀምጣችሁ የሰውን ውል ብታነቡለት፣ ይህ ከትልልቅ ሰደቃ የሚቆጠር ነው። አንዲት እናት የፈረመችው ወረቀት ምን እንደሚል በምትሰማው ቋንቋ ቢነገራት፣ ከብዙ ገንዘብ የሚበልጥ ስጦታ አገኘች ማለት ነው።

አላህ በሐላሉ አብቃቅቶ ከሐራሙ ያርቀን። ዕዳ ያለብንን መክፈያውን ይስጠን፤ ገንዘብ ያለንንም ለተቸገረ የምናዝን ያድርገን። ከዕዳ ሸክምና ከሰዎች የበላይነት ይጠብቀን። ዕዳ ሳይከፍሉ የሞቱብንን ወላጆቻችንን ዕዳቸውን እንድንከፍልላቸው ያግራልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።